ለኮሌጅ የጽሕፈት መኪና ስመርጥ

አሁን የምኖረው መቱ ነው። ከተወለድኩበት ከአንኮበር ተራራ ሥር አገር አቋርጬ መጥቼ ዕድሜዬን እዚህ ፈጀሁት። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በጡረታ የወጣች ጸሐፊ፣ ኪዳን የማታስታጉል፣ ነገር ሦስቴ ሳታገላብጥ የማትናገር ሴት አድርጎ ነው። «እትዬ አስካለ፣ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት አመጡት?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ጥንቃቄውስ ድሮም ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ እኔንም የአገሬን ሰዎችም ገደል አፋፍ ያደረሰን እሱው ጥንቃቄዬ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የደብራችን መርጌታ ነው። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩና አዲስ አበባ ጸሐፊነት የሚያስተምር ኮሌጅ ደረሰኝ። የመጣልኝ ወረቀት ላይ ተማሪው የራሱ የጽሕፈት መኪና ቢኖረው ይመረጣል የሚል ነበረበት። ዛሬ ለልጆቻችሁ ላፕቶፕ ግዙ እንደምትባሉት መሆኑ ነው። መርጌታ ከየት አምጥቶ ይገዛል? ነገሩን የሰማው የአባቴ የጽዋ ማኅበር ነው። በየወሩ በሚካኤል ቀን፣ በየተራ በአንዱ ቤት እየተገናኙ የሚጸልዩ፣ የሚበሉና የሚጠጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። «የመርጌታ ልጅ መኪና አጥታ ከሰው በታች አትሆንም» ብለው አዋጡ።

አባቴ ሲሸኘኝ እንዲህ አለኝ፦ «መኪናውን ስትሞክሪ ወረቀት በከንቱ አታበላሺ። የማኅበሩን ተራ ጻፊበት። ሥራውን ባዋጡልሽ ሰዎች ስም ይጀምር፤ በኵራቱ የእነሱ ነው።»

ከእህል የመጀመሪያው እሸት ለእግዚአብሔር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ከመኪናዬ የመጀመሪያው ጽሑፍ ለማኅበሩ ይሁን ማለቱ ነው። ለእኔም ለእሱም ከዚህ የበለጠ ቅን ነገር አልነበረም።

ዘመኑን ግን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌሊት የተበተነ ወረቀት ጠዋት በየአጥሩ ሥር ይገኛል፤ ማን መታው፣ በምን መታው እየተባለ ቤት ይፈተሻል። የጽሕፈት መኪና መያዝ ጠመንጃ ከመያዝ አይተናነስም ነበር። ስለዚህ ከገበሬ ማኅበራችን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዣለሁ። እዚህ ድረስ ጠንቃቃ ነበርኩ።

አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አያ ደምሴ ይባላል። የበኩር ልጁ በመንግሥት ይፈለጋል፤ አባትየውንም «ልጅህን አምጣ» እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ ብለውታል። ከመስቀል በዓል በፊት አባትና ልጅ ወደ ቆላ ወርደው ተደበቁ። ሚስቱ ለጠየቃት ሁሉ «ሩቅ አገር ለቅሶ ሄዷል» ትላለች። የማኅበሩ ሰዎችና እኔ እናውቃለን። መንገድ መርቶ ያወረዳቸው ደግሞ ጋሽ ሰኢድ ነው።

ጋሽ ሰኢድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ጨው በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። ከአባቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። በጽዋ ቀን በደጃችን ካለፈ ሥጋውን ባይነካም ገብቶ ይጫወታል፤ እናቴ ያልፈላ ብርዝ ለብቻው ታስቀምጥለታለች። አባቴ «ዕቃ ሲገዛ ሰኢድን የሚያታልል አልተወለደም» ብሎ ያን ቅዳሜ ከእኔ ጋር ላከው።

መኪና የሚጠግነውና የሚሸጠው ጋሽ ኃይሌ የሚባል ሰው ነበር፤ ከገበያው በላይ ጠባብ ሱቅ አለው። ሦስት የአማርኛ መኪና ደረደረልን። አንዱ ጥቁርና ትልቅ፣ የመሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ የራሱ ሻንጣ ያለው። ሦስተኛው ቡናማ፣ ከሁሉም አዲስ የሚመስል።

ጋሽ ሰኢድ ትልቁን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዕድሜውን እንጃ ጌታው፤ ግን ብርቱ ነው።»

«ዕድሜው ካልታወቀ ጥርሱን አሳየኝ።»

ጋሽ ኃይሌ ስቆ ክዳኑን አነሳለት። ፊደል የተቀረጸባቸው ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረው ታዩ። ጋሽ ሰኢድ አንድ በአንድ በጣቱ ነካካቸው።

«የፊት ጥርሱ ተበልቷል። ይሄ ያረጀ በቅሎ ነው፤ አቀበት ላይ ይለግምብሻል። ቀጥይ አስኩ።»

እኔ ግን በጥርስ ብቻ የምመርጥ አልነበርኩም። በአማርኛ መኪና ብዙው ፊደል በአንድ ምት አይወጣም፤ መጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትመታላችሁ። ሁለቱ ካልገጠሙ ፊደሉ አንካሳ ይሆናል። ትክክለኛው ማወዳደሪያ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሦስቱም ላይ መምታት ነው አልኩ። ዝርዝሩን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወረቀት አስገባሁና ጀመርኩ፦ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ተራ፤ ጥቅምት፣ ገብረ መስቀል፤ ኅዳር፣ ወልደ ሚካኤል፤ ታኅሣሥ፣ ወለተ ሐና… በማኅበር ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ዘጠነኛው ላይ፣ ሰኔ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ብዬ መታሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ አያ ደምሴ ነው። ልቤ ምንም አላለኝም።

በጥቁሩ መታሁ፣ በቡናማው መታሁ፣ በግራጫው መታሁ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ መረመርኩ። የቡናማው መስመር እየሄደ ወደ ላይ ይወጣል። የጥቁሩ ቀለበቶች ከገላቸው ይርቃሉ። ግራጫው ልክ ነው።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፤ እኔማ ሙሽራ የምንመርጥ መስሎኝ ነበር» አለ ጋሽ ሰኢድ።

ሁለቱን ወረቀት ቀድጄ መጣል ነበረብኝ። የሚካኤል ስም ያለበት ወረቀት የሰው እግር ይረግጠዋል ብዬ ሦስቱንም አጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከመኪናው ጋር አኖርኳቸው።

ጋሽ ሰኢድ በቅሎዎቹን ካሳደረበት ግቢ ሊያመጣ ሄደ፤ እኔ የአንኮበሩ የጭነት መኪና በሚነሳበት ቦታ እንድጠብቀው ተነጋገርን። እዚያ ስደርስ ፍተሻ ነበር። ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ዘበኛ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ደብዳቤዬን ሰጠሁት፤ አነበበው፤ መለሰልኝ። ልሄድ ስል ወረቀቶቹን አየ። አንዱን ገለጠ፣ ሁለተኛውን ገለጠ፣ ሦስተኛውን ገለጠ።

«ነይ ከእኔ ጋር» አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጋሽ ሰኢድ በቅሎ እየሳበ ሲመጣ አየሁት። እሱም አየኝ። ቆመ። ዓይኔን ሰበርኩ፤ እንደማላውቀው ሆኜ አለፍኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ እኔ እንደደረደርኳቸው አድርጎ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጽዋ ተራ ነው። አባቴ ጻፊ ብሎኝ።»

«እናቴም ጽዋ ትጠጣለች። ተራዋን በታይፕ ስታስመታ ግን አይቻት አላውቅም። ያውም ሦስት ቅጂ።»

«መኪናዎቹን ላወዳድር ብዬ ነው።»

«በሦስት መኪና ነው የተመታው?» ዓይኑ ተከፈተ። «አየሽ፣ ይሄን እኔ አላወቅኩም ነበር። አሥራ ሁለት ሰው፣ የሽፋን ስም፣ በወር አንዴ ስብሰባ፣ በየቤቱ እየተዘዋወረ። የሚበተን ዝርዝር በሦስት መኪና። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? እሱ ሲደረድረው ለእኔም እውነት መሰለኝ።

ጋሽ ኃይሌን አስጠራው። ጋሽ ኃይሌ በር ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ወደ እኔ ሳያይ መለሰ። «መኪና ልትገዛ መጥታለች። እኔ መኪና አሳያለሁ እንጂ ሰው የሚጽፈውን አላነብም።» ያኔ አዘንኩበት። ከማን ጋር እንደመጣሁ አለመናገሩን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶ አንስቶ ከመጀመሪያው ስም ጎን አስቀመጠ።

«በይ፤ ገብረ መስቀል ማን ነው? የዓለም ስሙን ንገሪኝ።»

በዕድሜዬ አውቄ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ የመርጌታ ልጅ ነኝ። የገብረ መስቀልን ብናገር ወደ ወልደ ሚካኤል ይሄዳል፤ አንድ በአንድ ሰኔ ይደርሳል። ደምሴ ባልኩ ማግስት አንኮበር ይደወላል። ደምሴ አገር ውስጥ እንደሌለ ይታወቃል፣ ሚስቱ ትያዛለች፣ ወደ ቆላ ሰው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በሕይወት አይገኙም።

«በክርስትና ስማቸው ብቻ ነው የማውቃቸው» አልኩ።

«አባትሽንም?»

ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«አባትሽንም በክርስትና ስሙ ነው የምታውቂው? ‹ወልደ እገሌ፣ እራት ቀርቧል› ነው የምትይው?» ሳቀ። ሳቁ ጨካኝ አልነበረም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ስሚ። ሰኞ ጠዋት ከአውራጃ መኪና ይመጣል። ዛሬና ነገ አስቢ። መኪናሽን ክፍልሽ ውስጥ አስቀምጥልሻለሁ፤ ወረቀትም እሰጥሻለሁ። የአሥራ ሁለቱን የዓለም ስም ከነአገራቸው ጻፊና ወደ ኮሌጅሽ ሂጂ።»

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ከግድግዳው ማዶ ወንዶች ያስላሉ፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። አንድ ቁና በሚያክል መስኮት ብርሃን ይገባል። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ደወል ሰማሁ። ቅዳሴ ያስታጎልኩበት የመጀመሪያ እሑዴ ነው። ተነስቼ ቆሜ በቃሌ የምችለውን አደረስኩ፤ ሳበቃ መኪናው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

በር የሚጠብቀው ሽማግሌ ዘበኛ ዳቦ አቀበለኝ።

«ልጄ፣ ጻፊላቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚመጣው መኪና ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።»

«ብጽፍስ ባዶውን ይመለሳል?»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ወረቀት አስገባሁ። የአባቴን ስም መታሁ፤ እሱን አልክድም፣ ልጁ ነኝ። ከዚያ እጄ ቆመ። አሥራ አንዱን እውነት ጽፌ ዘጠነኛውን ብዋሽስ? የፈጠራ ስም ብሰጥ? አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ይጠይቋቸዋል፤ «ኃይለ ጊዮርጊስ ማን ነው?» ይሏቸዋል፤ አንዱ ሌላ ስም ቢጠራ ሁሉም ያልቃል። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምን ብዬ ከዚህ ሆኜ አስማማቸዋለሁ? አልጽፍም ብልስ? ሰኞ እኔ እጫናለሁ፤ አባቴ ሲሰማ ይሞታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስገለብጠው ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ከአባቴ ስም በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ይህን ዝርዝር በሦስቱም መኪና የመታሁት እኔ አስካለ ነኝ። ሌላ የማውቀው የለም።» ፊርማዬን አኖርኩ። ልኩን ልንገራችሁ፣ ጀግንነት አልነበረም። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋብኝ የቀረኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ሰኞ ጠዋት አመዳዩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ አወጡኝ። የአውራጃው መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ሊቀመንበሩ ወረቀቴን አነበበና አጠፈው።

«እንግዲህ መረጥሽ» አለኝ።

በዚያ ጊዜ ከደጅ ጭቅጭቅ ተሰማ። ሽማግሌው ዘበኛ እየሮጠ መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዎች መጥተዋል። ዝርዝሩ ላይ ያለነው እኛ ነን ይላሉ።»

ጋሽ ሰኢድ ቅዳሜውኑ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ሄዶ ለአባቴ ነግሯል። እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ማኅበሩ ተነጋገረ። «ስማችን ከተጻፈ ሰውነታችን ይቅረብ፤ ልጅቱ ስለ እኛ አትጠየቅም» ተባባሉ። ቀኑን ሲጓዙ ውለው፣ መንገድ ላይ አድረው ደረሱ። በበሩ ሲገቡ አየኋቸው። አባቴ መቋሚያውን ይዞ ከፊት፣ ሁለት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው፣ እማሆይ ጽጌ በበቅሎ ላይ። እማሆይ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ልሸሽጋቸው የተሟሟትኩላቸው ሰዎች በእግራቸው መጡ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ቁጥራቸው ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ቆላ ነው።

ሊቀመንበሩ ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም ዝርዝሩን አወጣ።

«የክርስትና ስም ስጠራ ‹አቤት› በሉ፤ የዓለም ስማችሁን ተናገሩ፤ ተራችሁ የትኛው ወር እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ሰው ቢጎድል ሁላችሁም መኪናው ላይ ናችሁ።»

«ገብረ መስቀል።» «አቤት።» አባቴ ነው። ስሙን ተናገረ፤ ጥቅምት አለ።

«ወለተ ሐና።» «አቤት ልጄ» አሉ እማሆይ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎም ያሴራሉ?»

«ጉልበቴ ከታዘዘልኝማ ምን ገዶኝ።»

አንድ በአንድ እየጠራ ሄደ። እኔ ቁጥር እቆጥር ነበር። ስድስት። ሰባት። ስምንት።

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

ዝም።

«ኃይለ ጊዮርጊስ የታለ?»

የአባቴ መቋሚያ መሬቱን ሲፍቅ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አቤት፤ እዚህ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከበቅሎዋ ኋላ።

ሳላየው አወቅኩት። ጋሽ ሰኢድ ነው። ነጭ ኮፍያው ራሱ ላይ የለም። የአባቴን አሮጌ ጋቢ እንደ ባላገር ተከናንቦ ወደ ፊት ወጣ።

«ስትጠራ ለምን አትመልስም?»

«ጆሮዬ ደከም ብሏል ጌታዬ። በዚህ ስም የሚጠራኝም በወር አንዴ ነው።»

«የዓለም ስምህ?»

«ይመር። ይመር በላይ።»

«ተራህ?»

«ሰኔ ሚካኤል። ጎተራው ሲራቆት፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ ለእኔ ይጥሉብኛል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ፤ የፈራ ሰው ሳቅ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ወደ ጋሽ ሰኢድ ተጠጋና ጋቢውን ከአንገቱ ላይ በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ አደረገው።

«ማተብህስ?»

ክርስቲያን ሆኖ አንገቱ ላይ ክር ያላሰረ በአገራችን የለም። የአሥራ አንዱም አንገት ላይ ይታያል። ይህን ሁሉ መንገድ ሲመክሩበት መጥተው ስሙን፣ ወሩን፣ ጋቢውን አስበዋል፤ ክሩን ማንም አላሰበውም። ጋሽ ሰኢድ እጁን ወደ ባዶ አንገቱ ሰደደ። አባቴን አየሁት። አባቴ መሬት ያያል።

«ጓድ» አሉ እማሆይ ጽጌ ከበቅሎዋ ላይ፣ ዘገም ብለው። «ስብሰባ ጠርታችሁ፣ ማተብ የኋላ ቀር ነው፣ ፍቱት ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም?»

ሊቀመንበሩ ዞረ።

«እሱ ሰማችሁና ፈታ። እኛ ደንቆሮዎቹ ነን እንዳሰርን የቀረን። አሁን ታዛዡ ሊቀጣ ነው?»

ሽማግሌው ዘበኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከአውራጃ የመጡት ሁለት ሰዎች መኪናው ደረጃ ላይ እንደተቀመጡ ሊቀመንበሩን ይመለከታሉ፤ ምን እንደሚል ይጠብቃሉ። ሊቀመንበሩም እነሱን አያቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ እሱም የሚፈራው ሰው ነበረው። ማተብ ለምን ፈታህ ብሎ ሰው ቀጣ ተብሎ ነገ ስሙ ይነሳል።

ዝርዝሩ ላይ ከዘጠነኛው ስም ጎን «ይመር በላይ» ብሎ ጻፈ።

«ወልደ ጻድቅ» አለ።

«አቤት» አለ አሥረኛው።

ሲጨርስ ወረቀቶቹን አጠፈ። «ልጅቱን ውሰዷት። የጽሕፈት መኪናው እዚህ ይቀራል።» ማንም ስለ መኪናው አልጠየቀም። እየወጣን ሳለ የመጋዘኑ ሌላኛው በር ተከፈተ፤ ሦስት ወንዶች አውጥተው የአውራጃው መኪና ላይ ጫኗቸው። ሁለት ቀን ሲያስሉ የሰማኋቸው ናቸው። ስማቸውን ዛሬም አላውቅም። ጸሎት ሳደርስ «እነዚያ ሦስቱ» ብዬ ነው የማነሳቸው።

ከከተማው ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ጋሽ ሰኢድ ከጉያው ኮፍያውን አውጥቶ አደረገ።

«ይመር፣ በቅሎዋን ያዝልኝ፤ ልውረድ» አሉት እማሆይ።

«እሺ እማሆይ። ሊሰብኩኝ ከሆነ ግን እለቃታለሁ።»

አባቴ መንገድ ዳር ተቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኮሌጅ የሄድኩት ባዶ እጄን ነው። የሌሎቹ ልጆች መኪና ሲያርፍ እየተዋስኩ ተማርኩ። ከመሄዴ በፊት ለንስሐ አባቴ ዋሽቻለሁ ብዬ ተናዘዝኩ፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። «ጋሽ ሰኢድስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ያልሆነውን ነኝ ሲል፣ አባቴም ማኅበርተኞቹም ዝም ሲሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንቺ የመጣሽው ለራስሽ ነው ልጄ፤ የራስሽን ስገጂ» አሉኝ። ሲሸኙኝ ግን «ሲመጣ ሰላም በይልኝ» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥንቃቄ ማለት ፊደል ሳይሳሳቱ መምታት፣ የቅዱሳን ስም ያለበት ወረቀት አለመጣል፣ ውሸት ከአፍ አለማውጣት ይመስለኝ ነበር። እነዚህን ሁሉ ጠብቄ ነው አሥራ ሁለት ሰው ለአውራጃው መኪና ያቀረብኩት። ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ የሰው ስም የተደረደረበት ወረቀት ምቺ ስባል አለቃዬን ሳልጠይቅ መትቼ አላውቅም፦ «ይሄ ለማን ነው የሚሄደው?» ስለዚህ የተጠላሁበት መሥሪያ ቤት አለ። ወደዚህ ሩቅ አገር መዛወሬም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አልቆጭም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ዘንድሮ ኮሌጅ ደረሳትና ላፕቶፕ ልንመርጥ ሱቅ ገባን። ሻጩ ፍጥነቱን፣ ባትሪውን፣ የሚይዘውን ብዛት ዘረዘረልን። እኔ «የምትጽፍበትን ሌላ ሰው ያየዋል?» አልኩት። «እማማ፣ የሚስጥር ቁጥር አለው» ብሎ ሳቀ፤ ልጅቱም አፈረችብኝ። እናንተ አንባቢዎቼ፣ ለልጆቻችሁ ዕቃ ስትመርጡ ሻጩ የሚላችሁን ስሙ፤ መልካም ነው። ልጁን ደግሞ አስቀምጣችሁ፣ የጻፍከው ስም የሰው አንገት ነው በሉት። ማንም ሻጭ ይህን አይነግርላችሁም።

አያ ደምሴና ልጁ ከቆላ የተመለሱት በሚቀጥለው ነሐሴ ነው፤ የልጁ ነገር በሆነ መንገድ ተረስቶለት። እኔም ለክረምት ዕረፍት አገሬ ነበርኩ። አያ ደምሴ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አባቴ ዘንድ መጣና ከሁሉ አስቀድሞ ያነሳው ተራውን ነበር።

«የሰኔ ሚካኤል ሳልደግስ አለፈ መርጌታ። ጽዋው በእኔ ተቋረጠ።»

«አልተቋረጠም» አለ አባቴ። «ማሩም፣ ጌሾውም፣ እህሉም ግንቦት ሳያልቅ በሁለት በቅሎ ተጭኖ ሚስትህ ደጃፍ ደረሰ። ቤትህ ውስጥ በልተን ጠጥተን፣ ለአንተም ጸልየን ወጣን።»

«ማን ደገሰልኝ?»

አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ብርዝ የሚጠጣውን ጋሽ ሰኢድን አየው። ጋሽ ሰኢድ ወደ ውጭ፣ ወደ በቅሎዎቹ ይመለከታል።

«አንተው ነህ» አለው አባቴ። «ስትጠራ ‹አቤት› ብለሃል እኮ፤ ሁላችንም ሰምተናል።»